ዓምድ ሐ-፬

ደሴ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መሐል ፒያሳ፣
ጉሙ ተንሸራቶ ሲወርድ ከጦሳ፣
መስታወቱን ነክቶ ሲያልፍ እንደ እንግዳ፣
እኔ ሕንፃ አቆማለሁ በሌለበት ሜዳ።

አሸዋ አልጠየቅሁ፣ ስሚንቶ አልጠበቅሁ፣
በማውስ እየጎተትሁ ወለል ዘረጋሁ።
ግድግዳው ሃያ ሳንቲም፣ በሩ ሁለት ሜትር ከዐሥር፣
እያንዳንዱ ብሎን ስም አለው፣ አለው ቁጥር።

ሥራው ጤና ጣቢያ ነው፣ ዳገቱን ተጠግቶ፣
ስድስት አልጋ ለወላድ፣ ኮሪደሩ ሰፍቶ፣
ቃሬዛ ተሸክመው የሚመጡ ሰዎች
ትከሻቸው እንዳይጋጭ ከግድግዳው ጫፎች።

«እዚህ የናቅሻትን አንዲቷን ሚሊሜትር
ሳይት ላይ በመዶሻ ይከፍሏታል በሜትር»
ትላለች አለቃዬ ዙሪያሽ፣ መነጽሯን አውልቃ፣
የሻይ ብርጭቆዬን ከኪቦርዱ አርቃ።

እናም ፕሮግራሙን «ግጭት ፈልግ» አልሁት።
ሰባ ሁለት አወጣ፤ ስክሪኑ ደም መሰለበት፦
የፍሳሽ ቱቦው በቢሙ ሆድ ገብቶ፣
ደረጃ የሚወጣ ሰው በግንባሩ ተጋጭቶ፣
የመብራት ሳጥኑ ከመታጠቢያው ጀርባ፣
አንድ መስኮት፣ አላህ ያውቃል፣ ሌላ መስኮት ውስጥ ሲገባ።

አንድ በአንድ ፈታሁ። ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት፣
ግጭት፦ ዜሮ።
ለእናቴ ደወልሁ። ምን እንደሆነ አልገባትም፤
«አልሐምዱሊላህ» አለች።
መብራት ጠፋ።

ዓርብ ጠዋት ሳይት ሄድሁ፣ ታብሌቴን ታቅፌ።
ፎርማኑ ጋሽ ይመር፣ ከሄልሜቱ ሥር ሻሽ የጠመጠመ፣
ሕንፃዬን ተቀብሎ አዟዟረው እንደ ዱባ፣
ገለበጠው፤ መሠረቱን ከታች አየው።
«ያምራል» አለ። ዝም አለ።
ጭቃ በነካው ጣቱ መስታወቱን ጠቆመ።
«ይህቺ ዓምድ የቷ ናት?»
«ሐ-አራት።»
«ሐ-አራት… እዚህች ላይ፣ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ
ውሃ ትፈልቃለች። ተአያቴ ጀምሮ።
በበጋ አታያትም፤ ሣሩ ብቻ ነው የሚያውቃት።
ግጭት የለም ያልሽው ውሃዋን ጠይቀሽ ነው?
ለመሆኑ ስምሽ ማን ነበር?»
«ዘምዘም» አልሁ፣ ቀስ ብዬ።

አንሻ፣ ጠጠር ተሸካሚዋ፣ ባሬላዋን አስቀምጣ ሳቀች።
ምንጭ በስሟ ተሸክማ ምንጭ የምትረሳ!
እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ።

ኅዳር ነው፤ ዳገቱ ሁሉ ገለባ መስሏል፤
አራት እርምጃ የምታህል ሣር ብቻ
ክፉኛ አረንጓዴ ነበረች።
ለአፈር ምርመራ የተቆፈሩት ሁለት ጉድጓዶች
ሁለቱም ከእሷ ሸሽተዋል።

ተመልሼ ፎቁን ወጣሁ፣ ጉሙም ከእኔ ጋራ፣
የዕቃ መዝገቡን ከፍቼ ፈለግሁ በየተራ፦
በር አለ፣ መስኮት አለ፣ ሶፋ አለ ባለ ሦስት፣
ኮት የለበሰ ፈረንጅ፣ ውሻ የሚጎትት፣
በረዶ የሸፈነው ዛፍ።
ምንጭ የለም።
ሐምሌ የለም።

በገዛ እጄ ሠራኋት፦ ሰማያዊ፣ ቧንቧ መሳይ፣
ከአለቱ ሥር ተነስታ ስትጠማዘዝ ወደ ላይ።
ስፋት፦ በጋሽ ይመር ክንድ፣ አንድ ክንድ ከስንዝር።
ወቅት፦ ከሐምሌ መባቻ እስከ መስከረም ዳር።
«የመረጃ ምንጭ» በሚለው ሣጥን ውስጥ
የሰው ቃል፣ የሣር ቀለም ብዬ ጻፍሁ።

እንደገና «ግጭት ፈልግ» አልሁት።
ዐሥራ አንድ።
በስድስት ሳምንት ውስጥ ቀይ አይቼ
ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐ-አራትን ሁለት ሜትር አሸሸሁ፤ ቢሙ ወፈረ፤
ከግድግዳው ጀርባ ጠጠር የሚሞላው ቦይ ተጨመረ።
ዙሪያሽ የብረቱን ጭማሪ አየች፣ በረዥሙ ተነፈሰች፣
ብዕሯን ፈልጋ፣ አጥታ፣ በእኔ ብዕር ፈረመች።

ሰኞ ለጋሽ ይመር ደወልሁ፦
«ግጭት ዜሮ፤ ውሃዋን ጨምሮ።»
ከጀርባው ሚክሰር ይጮኻል።
«እስቲ ሐምሌ ይምጣ» አለኝ፣
«ያኔ እንነጋገራለን።»